ሙኽታር ምንድነው የሚሠራው?

ሙኽታር ምን እንደሚሠራ የወለደችው እናቱ እንኳን በቅጡ አታውቅም ነበር። ደሴ ላይ ጎረቤት ሲጠይቃት «አዲሳባ ቁጭ ብሎ ያነባል፣ ይከፍሉታል» ትላለች። ጎረቤትም «ማሻአላህ» ይላል፣ ሌላ ምን ይበል? ራሱ ሙኽታር ሲጠየቅ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። «ኢኮኖሚስት ነኝ፣ የባንክ ቁጥጥርን ታሪክ ነው የማጠናው» ሲል የሰሚው ፊት መብራት እንደጠፋበት ቴሌቪዥን ድርግም ይላል።

ሥራው ግን የምር ሥራ ነው። ጊዜው ሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው። ደርግ ከሄደ በኋላ የግል ባንክ መክፈት ተፈቅዶ፣ በየመንገዱ ዳር አዲስ ባንክ መስታወቱን እያብለጨለጨ ብቅ ብቅ የሚልበት ጊዜ። አትላስ ጋ አንድ ፎቅ ላይ ያለች የጥናት ቢሮ ታዲያ ጥያቄ መጣባት። በጃንሆይ ጊዜም የግል ባንክ ነበረ አይደል? ያኔ ማን ነበር የሚጠብቃቸው? ባንኩ የሰው አደራ ታቅፎ እንዳይቀልጥ ማን ነበር ሄዶ የሚያየው? ይሄንን ቆፍረህ አምጣ ብላ ሙኽታርን ቀጠረችው። እሱም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ የድሮ ተቆጣጣሪዎች የጻፉትን ሪፖርት ያነባል። አቧራው አፍንጫው ይገባል፣ ያስነጥሳል፣ ይጽፋል፣ ደግሞ ያስነጥሳል። ደስተኛ ነበር።

ይሄ ሁሉ ማንንም አያስቸግርም ነበር፣ ሚስኪ የምትባል ልጅ ባይወድ ኖሮ።

ሚስኪ የጋሽ አብዱልጀባር ልጅ ናት። ጋሽ አብዱልጀባር የወሎ ሰው ናቸው፣ ቦሌ ሚካኤል ቆርቆሮና ሚስማር፣ ሲሚንቶና ቀለም ይሸጣሉ። ያኔ ቦሌ ቤት የማይሠራ ሰው የለም፣ ሱቋ ከጠዋት ጀምራ ጢም ነው የምትለው። ሚስኪ ባንኮኒው ጋ ትቆማለች፣ ምላሷ ከመጋዝ ይስላል። ሙኽታር ሊያያት ሲፈልግ ሚስማር ይገዛል። ወራት ሙሉ ሚስማር ገዛ። የተከራየው ቤት ግድግዳ እኮ ጭቃ ነው፣ አንድ ሚስማር ብትመታበት ግድግዳው ራሱ ተከትሎህ ይወርዳል።

«ዛሬስ ስንት ቁጥር ልስጥህ?» ትለዋለች።

«ያው ያለፈውን።»

«ያለፈውን ምን አደረግከው?»

«አለ።»

«ታዲያ?»

«ብቻውን እንዳይሆን ነዋ።»

እንዲህ እንዲህ እያሉ ተዋደዱ። አሁን ችግሩ አባትየው ናቸው። ጋሽ አብዱልጀባር በሁለት ነገር አይቀልዱም፣ በሶላትና በወለድ። ወለድ ሀራም ነው፣ አበቃ። ባንክ ያለበት መንገድ ሲደርሱ ወደ ማዶ ይሻገራሉ፣ መኪና ቢገጫቸው ይሻላቸዋል። ትርፋቸውን ቆርቆሮ ገዝተው ነው የሚያስቀምጡት። «ቆርቆሮ አይወልድም፣ ቢበዛ ይዝጋል» ይላሉ።

ሙኽታር ሽማግሌ ሊልክ ቆረጠ። በዚያ ሰፈር ሽማግሌ ሦስቴ ይሄዳል። የመጀመሪያው እምቢታ ወግ ነው፣ ማንም አይቀየምበትም። ሁለተኛው ልብ መፈተኛ ነው። ሦስተኛው ላይ የተባለው ግን ተባለ። እምቢ ካሉ በዚያ ደጅ ዳግመኛ አይቆምም። ከኋላ ደግሞ ከዱባይ ጨርቅ የሚያመጣ አንድ ባለ ወርቅ ሰዓት ሰውዬ ሽማግሌዎቹን አሰልፎ ተራ እየጠበቀ ነው ተብሎ ይወራል።

ከሙኽታር በኩል የሚሄዱት ሦስት ናቸው። አንዱ አጎቱ አብዱልገኒ፣ ከቦሌ ፒያሳ ሚኒባስ የሚነዳ፣ መኪናው ፍሬን አላት፣ አፉ ግን የለውም። ሁለተኛው አከራዩ ጋሽ ቀነኒሳ ናቸው። የዚያው የቦሌ ተወላጅ፣ ድሮ ጤፍ ያረሱበት መሬት ላይ አሁን ፎቅ በቅሎበታል። ክርስቲያን ናቸው፣ ግን በዚያ ሰፈር እሳቸው ያልቆሙበት ሽምግልና ሽምግልና አይባልም። ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ። ሦስተኛው የመስጊዱ ሼህ ናቸው፣ አፋቸውን ለዱዓ ብቻ ነው የሚከፍቱት።

አግቢው ሽምግልና ላይ አይገኝም። ሙኽታር ከጋሽ አብዱልጀባር ቤት ማዶ ያለችው ጎሚስታ ጋ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን እየበላ ጠበቀ። ሽማግሌዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ወጡ። አብዱልገኒ ከፊት፣ ላቡን እየጠረገ፣ ጥርሱ ሁሉ ተገልጦ።

«እንዴት ሆነ?»

«ከፍ አደረግኩህ!» አለ አብዱልገኒ። «ሰማይ ነው ያደረስኩህ!»

«ምን ብለህ?»

«የባንክ ሰው ነው አልኳቸው። አዲሳባ ያሉ ባንኮች በሙሉ በሱ እጅ ናቸው አልኩ። እሱ ካልፈረመ ሳንቲም አትንቀሳቀስም አልኩ። የካዝናው ቁልፍ ትራሱ ሥር ነው የሚያድረው አልኩ።»

ሙኽታር ተመልሶ ጎማው ላይ ዘጭ አለ። «አጎቴ... ሰውየው ወለድ አይነኩም እኮ!»

«እና አንተ ነህ እንዴ የምታስነካቸው?»

ጋሽ ቀነኒሳ ጉልበታቸውን እያሹ ደረሱ። «‹ልጄን ለወለድ በላ አልሰጥም› ነው ያሉት ልጄ። ተቀመጡ እንኳን አላሉንም። እኔማ ቆሜ መስማቱ ከስድቡ በላይ አመመኝ።»

እሺ፣ የመጀመሪያው ወግ ነው ብለን እንለፈው። ሙኽታር አብዱልገኒን ሚኒባሱ ውስጥ አስቀምጦ እንደ ተማሪ አስጠናው። «የባንክ ሰው አይደለሁም። ባንክ ጥፋት እንዳያጠፋ ከሚጠብቁት ወገን ነኝ በል። ይሄው ነው። አትጨምርበት።»

«ገባኝ።»

«ድገምልኝ።»

«ጠባቂ ነህ።»

«ዘበኛ አይደለሁም!»

«ገባኝ አልኩህ እኮ፣ ሙድ አትያዝብኝ።»

ሁለተኛው ቀን ደረሰ። ያቺው ጎማ፣ ያው ጥፍር። አብዱልገኒ ሲወጣ አሁንም ጥርሱ ተገልጧል፣ ሙኽታር ያን ጥርስ ሲያይ ከጎማው ተነሳ።

«ገለበጥኩት!» አለ አብዱልገኒ።

«ምኑን?»

«ነገሩን ነዋ! ባንክ ጠላቱ ነው አልኳቸው። ተቆጣጣሪ ነው አልኩ። ሳይናገር ድንገት ነው ከች የሚለው፣ ሳጥን ያስከፍታል፣ ጓዳ ይፈትሻል፣ የተደበቀ ነገር ካገኘ አንቆ ነው የሚይዘው አልኩ። ባንክ ብቻ መስሏችሁ ነው? እዚህ ሰፈርም ማን ምን እንዳለው አንድ በአንድ ያውቃል አልኩ!»

ይሄንን የተናገረው እንግዲህ ነጋዴ ቤት ነው። ጋሽ አብዱልጀባር ጋ ለጨዋታ የመጡ ሁለት ባለሱቆች ተቀምጠው ነበር፣ ጫማቸውን በግራ በቀኝ አሳስተው አድርገው ነው የወጡት። በማግስቱ ሙኽታር በቦሌ ሚካኤል ሲያልፍ ሰፈሩ በሙሉ ግብር ገማች መጣ ብሎ ተሸበረ። አንዱ በሩን ከረቸመ። አንዱ «ለእድሳት ተዘግቷል» የሚል ካርቶን ሰቀለ፣ ወንበር ተደግፎ ቁጭ ብሎ። ብርቱካን የሚሸጠው ሰውዬ ብርቱካኑን በጋቢ ሸፍኖ «ይሄ የታመመ ዘመዴ ነው» ሊል ምንም አልቀረው።

ሚስኪ ቢሮው ስልክ ደወለች። «ሙኬ፣ አባባ ምን አለ መሰለህ? ‹ይሄ ሰው የሚመጣው ልጄን ሊያገባ ነው ወይስ ቆርቆሮዬን ሊቆጥር?›»

«ኧረ በአላህ! ለእናትሽ ለእማማ መኪያ እውነቱን ንገሪልኝ። ወለድ አልበላም፣ ማንንም አልይዝም። ድሮ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ባንክ ሲቆጣጠሩ የነበሩ ሰዎችን ታሪክ ነው የምጽፈው። በቃ።»

ሚስኪ ለእናቷ ነገረች፣ እናትየዋ መኪያ ምሳ ላይ ለባሏ ነገረች። ጋሽ አብዱልጀባር ጉርሻቸውን አየር ላይ አቆሙት።

«ወለድም አይበላም፣ ሌባም አይዝም፣ ድሮ ሌባ ይይዙ የነበሩ ሰዎችን ወሬ ይጽፋል?»

«እንደሱ ነው የምትለው ልጅቷ።»

«ታዲያ ሥራ የለውም በይኛ!»

ይሄንን ሚስኪ ስትነግረው ሙኽታር ስልኩን እንደያዘ ግድግዳውን ተደገፈ። በውሸት ተባረረ፣ በግማሽ እውነት ተባረረ፣ በእውነት ደግሞ ይባስ ተባረረ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀረው። ከዚያ በኋላ የዱባዩ ሰውዬ ተራ ነው። «ምን እናድርግ?» ቢላት፣ «እኔ እንጃ፣ አንተ አይደለህ የተማርከው» አለችውና ድምጿ ተንቀጠቀጠ። ሚስኪ እንደዚህ ስትሆን ሰምቶ አያውቅም። ያን ቀን አንድ ሪፖርት ሦስቴ አነበበ፣ አንዱም አልገባውም።

ረቡዕ ቀን ምሳ ሰዓት ነው። የቢሮው ሰው ሁሉ ወጥቷል። ሙኽታር ጫማውን አውልቆ፣ አውራ ጣቱ በካልሲው ቀዳዳ ብቅ ብላ፣ ሙዝ በአንድ እጁ፣ ሪፖርት በአንድ እጁ ይዞ ተቀምጧል። በሩ ተከፈተ። ማንም አላንኳኳም።

«አሰላሙ አለይኩም።»

ቀና ቢል ኮፍያ፣ ጥቁር ጃንጥላ፣ ጋሽ አብዱልጀባር። ሙዙን ሳያኝክ ዋጠው።

«ወአለይኩም ሰላም... ጋሼ...»

ጋሽ አብዱልጀባር ጠጋ ብለው አዩት። ሽማግሌዎቹ ስሙን እንጂ መልኩን አላመጡም ነበር። «አንተ ነህ እንዴ? የሚስማሩ ልጅ!»

«አዎ ጋሼ።»

«አይ አንተ! እኔ ደግሞ ትልቅ ቤት እየሠራ ነው፣ የሰው ልጅ እንደዚህ ይትጋ እያልኩ ለሰው አወራልሃለሁ!»

«ይቀመጡ ጋሼ።»

«አልቀመጥም። ለማየት ነው የመጣሁት።»

ይሄን ብለው ማየት ጀመሩ። ቁም ሳጥኑን ከፈቱ፣ ወረቀት። ሌላውን ከፈቱ፣ ወረቀት። ጣታቸውን አቧራው ላይ አስኬዱና ጣታቸውን አዩት። ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አሉ፣ የሙኽታር ጫማ።

«ብሩ የት ነው?»

«ብር የለም ጋሼ።»

«ይሄ የተቆለፈው ሳጥንስ?»

«ስኳር ነው። ባልደረቦቼ ስለሚሰርቁ ነው።»

«ክፈተው።»

ከፈተው። ስኳር፣ ሻይ ቅጠልና አንድ ማንኪያ። ጋሽ አብዱልጀባር ማንኪያዋን አንስተው አገላበጡ፣ መለሷት። በዚህ መሀል ስልኩ ጮኸ። ሙኽታር እጁን ሰደደ፣ ግን ሰውየው ይቀርቡ ነበርና እሳቸው አነሱት። የሚስኪ ድምፅ ከውስጥ እንደ ፉጨት ተሰማ።

«ሙኬ! አባባ ጃንጥላውን ይዞ ወጥቷል፣ ወዳንተ ነው መሰለኝ፣ ጫማህን አድርግ!»

«ደርሻለሁ ልጄ» አሉ ጋሽ አብዱልጀባር። «ሱቁን ማን እየጠበቀ ነው?»

በወዲያ በኩል ስልኩ ቀጭ ብሎ ተዘጋ። አስቀመጡት። ሙኽታር በቆመበት ጫማውን በእግሩ እየፈለገ ነው፣ አንዷን አግኝቷል።

«ደሞዝህን ማነው የሚከፍልህ?»

«ቢሮው ነው።»

«ቢሮውስ ከየት ያመጣል?»

«ፈረንጆች ለጥናት ብለው ይረዱታል።»

«ፈረንጆቹስ? ባንክ ናቸው?»

«አይደሉም ጋሼ። አገራቸው ሕዝቡ ግብር ይከፍላል፣ ከዚያ ላይ ነው አሉ።»

«አሉ?»

«አሉ። ሄጄ አላየሁም።»

ጋሽ አብዱልጀባር ጠጋ አሉ። ከዚያ በጃንጥላቸው ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሪፖርት ነካ አደረጉ። «እስቲ ይሄ የሚከፈልህ ነገር ምን ይላል? ንገረኝ። እንደ አጎትህ አታድርገው።»

ሙኽታር ጉሮሮውን ጠረገ። ምን ይምረጥ? ስለ መጠባበቂያ ገንዘብ ቢያወራ አበቃለት። እጁ ላይ ያለውን አየ።

«ይሄ... አንድ ተቆጣጣሪ ክፍለ አገር ወርዶ የጻፈው ነው። ባንኩ ሳይከፈት በጠዋት ደጁ ላይ ተገኘ ይላል። ዘበኛው ሊያባርረው ነበር። ከዚያ መዝገቡን ሁሉ አየ። መዝገቡ ንጹህ ነው፣ ስሕተት የለበትም። ግን ‹ንጹህነቱ አሳሰበኝ› ይላል። ስለዚህ ተነስቶ ገበያ ወጣ። መዝገቡ ላይ ስማቸው ያለ ሰዎችን በየሱቃቸው እየዞረ ራሳቸውን ጠየቃቸው። ‹እውነት እንደዚህ ነው ወይ?› እያለ።»

ሙኽታር ቀና ሲል ጋሽ አብዱልጀባር ወንበር ስበው ተቀምጠዋል። አልቀመጥም ያሉት ሰውዬ። ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«በየሱቁ እየዞሩ ይጠይቁ ነበር ይላል?»

«ይላል ጋሼ። ሁሉም አይደሉም። ደህና ደህናዎቹ።»

ጋሽ አብዱልጀባር ጃንጥላቸውን ጠበቅ አደረጉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ሌላ ሆነ።

«ደሴ ነው። ጢሜ ገና ችፍ ሲል። አቡጀዴ እሸጣለሁ። ሌባ በዛና አንድ ባንክ ሄጄ ‹ይሄን አስቀምጡልኝ፣ ወለድ የሚባል ግን እንዳታደርሱብኝ› አልኩ። ጸሐፊው ሳቀ። ‹እሺ› አለኝ፣ አመንኩት። ሁለት ዓመት ይሁን ከዚያ በላይ ሄደ። አንድ ቀን ከረባት ያሰረ፣ ጫማው አቧራ የበላው ሰውዬ ሱቄ መጣ። ጨርቅ ሊገዛ መስሎኝ ዘረጋሁለት። ‹አይ፣ ከአዲሳባ ባንኩን ለማየት የተላክሁ ነኝ። ወለድህን እየመጣህ ትወስዳለህ ወይ?› አለኝ። እኔን! ወለድ! በሜትሩ እንጨት ልለው ነበር እኮ!»

«ከዚያስ?»

«‹ረጋ በል› አለኝ። ‹ወስዷል ተብሎ በስምህ ተፈርሟል። ወረቀት ብቻ ማመን አልወደድኩም፣ ሰውየውን ልጠይቅ ብዬ ነው› አለ። ለካ ያ ጸሐፊ በኔ ስም እየፈረመ ሲበላ ኖሯል! ገባህ? እኔ እየሰገድኩ፣ እየጾምኩ፣ እዚያ ወረቀት ላይ ‹አብዱልጀባር ወለድ በላ› ተብሎ ይጻፋል! አላውቅም! ሞቼ ቢሆን ኖሮስ?» አንድ እጃቸውን ከጃንጥላው አንስተው ፊታቸውን ጠረጉ። «ሰውየው ስሜን አስፋቀልኝ። ‹ወለድ አልወሰደም› ብሎ በራሱ እጅ ጻፈና አነበበልኝ። እስላም አይደለም። ምን እንደሚያንገበግበኝ ግን ገብቶታል። ከዚያ ወዲህ ባንክ ደጅ አልደርስም፣ ለዚያ ሰውዬ ግን እስካሁን ዱዓ አደርጋለሁ።»

አሁን ሙኽታር ዝም ማለት ነበረበት። ማንም ጤነኛ ሰው ዝም ይላል። እሱ ግን ኢኮኖሚስት ነው፣ ዓመት ሙሉ ተቆጣጣሪዎቹ የጻፉትን ሲያነብ ተቆጣጣሪ የጠየቀው ሰው በዓይኑ አይቶ አያውቅም። እስክሪብቶውን ላፍ አደረገ።

«ጋሼ! ይሄ እኮ ተአምር ነው! እኔ እኮ ይሄን ነው የምፈልገው! ወለዱ ስንት በመቶ ነበር?»

ቃሏ ከአፉ እንደወጣች ምላሱን ሊቆርጣት ፈለገ። ውጭ አንድ ታክሲ ክላክስ አደረገ። ጋሽ አብዱልጀባር ቀስ ብለው ዞሩ።

«ስንት?»

«ማለቴ...»

«ወለድ አልፈልግም ያለ ሰው፣ ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል?»

«አይጠይቅም ጋሼ።»

«ታዲያ?»

«ይቅር ይበሉኝ።»

ጋሽ አብዱልጀባር ጢማቸውን ያዙ። ከጢሙ ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፣ ሳቅ ይሁን ቁጣ ሙኽታር ማየት አልቻለም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

«ስሙን አልጠየቅኩትም፣ ይቆጨኛል። አንተ የሁሉንም ታሪክ ይዘሃል። ማን ይባላል ያ ሰውዬ?»

ይሄኔ ሸይጣን መጣ። ሙኽታር ጭንቅላት ውስጥ የተቆጣጣሪ ስም ሞልቷል፣ አንዱን መዝዞ ቢሰጣቸው ማን ያውቃል? ሰውየው እንባቸው ቀርቧል፣ ስሙን ቢሰሙ ያን ዕለት ልጃቸውን ሰጥተው ይሄዳሉ። ምላሱ ጫፍ ላይ አንድ ስም ደርሳ ነበር። አብዱልገኒ ትዝ አለውና ዋጣት።

«አላውቅም ጋሼ። በዚያ በኩል የሄዱ ብዙ ናቸው። የርስዎ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ልፈልግ እችላለሁ፣ ላገኘውም ላላገኘውም እችላለሁ።»

ጋሽ አብዱልጀባር ተነሱ። «አጎትህ ቢሆን ኖሮ» አሉ፣ «ስሙንም፣ የአያቱንም ስም፣ የበቅሎውንም ቀለም ነግሮኝ ነበር።»

በሩ ጋ ደርሰው ቆሙ። «አርብ ከአስር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎችህ ይምጡ።»

«እሺ ጋሼ... ምን እንዲሉ ልንገራቸው?»

«ይምጡ አልኩ እንጂ ይናገሩ አልኩ?» ወደ እግሩ አዩ። «ካልሲህን ደግሞ አሰፋው።»

እሺ አላሉም፣ እምቢም አላሉም። ከረቡዕ እስከ አርብ ሙኽታር ምን በልቶ እንደዋለ፣ የት ተኝቶ እንዳደረ አያውቅም። ሚስኪ ስትደውል «ምን አሉሽ?» ይላታል፣ «ቆርቆሮ እየደረደረ ያፏጫል» ትለዋለች። «ማፏጨታቸው ጥሩ ነው መጥፎ?» «እኔ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም እኮ!»

አርብ ደረሰ። ጎሚስታ፣ ጎማ። ጥፍር እንኳን የለም፣ አልቋል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ገቡ። ጎሚስታው አንድ የተነፈሰ ጎማ እየለጠፈ «አይዞህ» ይለዋል፣ ሙኽታር አይሰማውም። ከወትሮው ቆዩ። በጣም ቆዩ።

በሩ ተከፈተ። አብዱልገኒ ብቻውን ወጣ። ጥርሱ የለም! ከንፈሩ እንደ ተዘጋ ሱቅ ግጥም ብሏል፣ ዓይኑ ቀልቷል። መንገዱን ተሻገረ፣ ሙኽታርን አለፈው፣ ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ መሪውን ያዘ።

«አጎቴ! ምን አሉ?»

ዝም።

«አጎቴ! በአላህ ይዤሃለሁ! እምቢ አሉ?»

አብዱልገኒ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሙኽታር ከተወለደ ጀምሮ አብዱልገኒ ዝም ሲል አይቶ አያውቅም። ለቅሶ ቤት እንኳን ዝም አይልም። የሚኒባሱን በር ይዞ ቁጢጥ አለ። ጎሚስታው መዶሻውን አስቀምጦ መጣና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «በቃ ወንድሜ። ከሷ የተሻለ...»

«የተሻለ የለም!» አለ ሙኽታር፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

ያኔ ነው ጋሽ ቀነኒሳ ከበሩ ብቅ ያሉት፣ ሼሁን ተደግፈው፣ አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ እርምጃ። ጉልበታቸው አስሯቸዋል። ከመንገዱ ማዶ ዱላቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«ማሎ፣ እባክህ! ምን ሆነህ ነው መሬት የወረድከው? ተነስ!»

«እምቢ አሉ አይደል ጋሼ?»

«ማን አለህ?»

«አጎቴ መናገር አቃተው!»

ጋሽ ቀነኒሳ መሀል መንገድ ላይ ቆመው ሳቁ። አንድ ላዳ ጥሩምባዋን እየነፋች ብትመጣባቸውም አልተንቀሳቀሱም። «እሱማ ተከልክሎ ነው! ገና ስንገባ ተቀመጡ አሉን። ፍራሽ ላይ! ጉልበቴ ደንግጦ እስካሁን አልታጠፈም። ከዚያ ጋሽ አብዱልጀባር ወደ አጎትህ ዞረው ‹አንተ መግሪብ እስኪሰገድ አንዲት ቃል ከተነፈስክ እምቢ ብያለሁ› አሉት። ላቡ በዚህ በዚህ ወረደ። ከዚያ እኔን ‹ልጃችሁ ምንድነው የሚሠራው?› አሉኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«ምን ልበል? እኔ ቤት አከራየሁት እንጂ ምን አውቃለሁ! ‹እኛ አናውቅም፣ እርስዎ ሄደው አይተዋል፣ እርስዎ ይንገሩን› አልኳቸው። እየሳቁ ነገሩን! ‹ሰው ስሙ ሲጠፋ ሄደው የሚጠይቁ ሰዎች ነበሩ፣ የነሱን ስም ነው የሚሰበስበው› አሉ። መኪያ ከጓዳ እልል አለች፣ ሼሁ ዱዓ አደረጉ፣ አለቀ ልጄ! ሰጥተውሃል!»

ሙኽታር ቁጢጥ እንዳለ ቀረ።   ጎሚስታው ግራሱን በቱታው ላይ እንኳን ሳይጠርግ አቀፈው፣ ሸሚዙ ጀርባ ላይ አምስት ጥቁር ጣት ታተመ። ማዶ፣ ከቤቱ ጎን ካለው ሱቃቸው በር ላይ፣ ሚስኪ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች፣ ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ ከዚያ ርቀት አይለይም። «አብሽር!» ብላ ጮኸችለት። ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አያት፣ ግድ አልሰጣትም።

መግሪብ ገና ነው፣ ፀሐይዋ ከፎቆቹ በላይ ናት። አብዱልገኒ ሚኒባሱ ውስጥ ጉንጩን ነፍቶ፣ እንባው በሳቅ እየወረደ፣ መሪውን በቡጢ ይመታል። ሊፈነዳ ነው። ድንገት አንድ ነገር ገባው። ቃል አትተንፍስ ነው እንጂ የተባለው ክላክስ ማን ከለከለ? መዳፉን ክላክሱ ላይ ጣለና እዚያው ተወው። ሙኽታርን በአንገቱ ጎትቶ አስገባው፣ ሽማግሌዎቹን ከኋላ ጫነ፣ የኋላ በሩ በቅጡ ሳይዘጋ እንደ ሙሽራ መኪና እያንባረቀ በቦሌ ሚካኤል መሀል ነዳው። «ለእድሳት ተዘግቷል» ያሉት ባለሱቆች በራቸውን ገርበብ አድርገው አጮለቁ፣ የመጣው ግብር ገማች ሳይሆን ሰርግ መሆኑን ሲያዩ አንድ በአንድ እየወጡ ማጨብጨብ ጀመሩ።